ጩኸት የሌለው ሕመም፤ ድባቴ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ፣ በአጋሮና በበደሌ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ያዩንና ሁሩሙን አልፎ መቱ ሲገባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጨርሷል። ከመቱ ወደ ጎሬ ዳገት ነው፤ ከጎሬ ደግሞ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ ይወረዳል። አገሩ የዝናብና የቡና አገር ነው። በዚህ አገር የአንድ ሰው ጤንነት የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ በቡና ለቀማ ወራት ከማሳው ላይ በመገኘቱና ቡና በተፈላ ጊዜ ከጎረቤት ቤት በመታየቱ። ከሁለቱም የቀረ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሰንፏል ይባላል። ትኩሳት ካለው ታሟል፤ ነገር ካለው ተጣልቷል፤ ሁለቱም ከሌሉ የሚቀረው ሦስተኛው ስም ነው። በዚያ በሦስተኛው ስም ሲጠራ የኖረ አንድ ሕመም አለ።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ዛሬ በአማርኛ ድባቴ ይሉታል። ሲያብራሩትም፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ የሚውል የመንፈስ መውደቅ፣ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ከነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም መጥፋት ነው ይላሉ። ከእርሱም ጋር እንቅልፍ ይዛባል፤ ብዙ ጊዜ በሽተኛው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ ዓይኑን አይከድንም። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ሰውነት ይዝላል፤ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፤ ከሁለት ቀላል ሥራዎች የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባ መወሰን እንኳ ይከብዳል። ሰውየው ለቤተሰቡ ሸክም እንደ ሆነ፣ በድሎ እንደ ተቀጣ አድርጎ ራሱን ይከስሳል፤ ሕመሙ ሲጠና ሞትን ይመኛል። ሐዘን የደረሰበት ሰው በለቅሶው መካከል የሟቹ ቀልድ ሲነሣ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው ባለፈ ቁጥርም ሐዘኑ መልኩን ይለውጣል። ድባቴ እንዲህ ቀን ተቆጥሮለት አይወጣም፤ ለቀስተኛም አይመጣለትም።

ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሁኔታው ለጥንት ሰዎች የተሰወረ አልነበረም። ግሪኮች ከጥቁር ሐሞት መብዛት የሚመጣ ነው ብለው ሜላንኮሊያ ሲሉት ኖረዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ ደግሞ መናንያንን ስለሚፈታተኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦች ሲጽፍ፣ ሐዘንን ለብቻው፣ በቀትር የሚመጣውን መታከት ለብቻው ቆጥሯቸዋል። ይህ መታከት የያዘው መነኩሴ ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፤ በዓቱን ይጠላል፤ የእጁ ሥራ ያስመርረዋል፤ ከወንድሞቹ መካከል የሚያጽናናው አንድም እንደሌለ ያስባል። ስለ ስምንቱ ሐሳቦች የጻፈው ወደ ግዕዝም ተተርጉሟል። ስለዚህ የአገሪቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነገሩን ጨርሶ አያውቀውም ነበር ማለት አይቻልም። የተበላሸው ዕውቀቱ ከበዓት ወደ ሰፈር ሲወርድ ይመስላል። በበዓት ውስጥ ፈተና የተባለው በሰፈር ስንፍና ተባለ፤ ፈተና የደረሰበትን አበ ነፍሱ ሲጠይቀው ሰነፍ የተባለውን ግን የሚጠይቀው አልተገኘም።

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ስሜት የቃል ችግር የለበትም። ትካዜ፣ ቁዘማ፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ የሆድ መባባት፣ ሰው መሸሽ፣ ሁሉም አሉ። በኢሉባቦር በብዛት የሚነገረው ኦሮምኛም ለጭንቀትና ለመንፈስ ጥበት ዺጲና የሚል ቃል አለው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የስሜት ስሞች ናቸው እንጂ የበሽታ ስሞች አይደሉም፤ የሚያልፉና ሰው በራሱ ኃይል ሊያሳልፋቸው የሚገባ ተደርገው የሚታሰቡ ናቸው። የአእምሮ በሽታ የሚለው ሐሳብ የተያዘው በሌሎቹ ቃላት ነው፤ በአማርኛው እብድ፣ በኦሮምኛው መራታ። እነዚህ ደግሞ ልብሱን የጣለ፣ ድንጋይ የወረወረ፣ ብቻውን የሚናገር ሰው ስሞች ናቸው። በሁለቱ የቃላት ጎራ መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ የድባቴ በሽተኛ የሚገኘው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ሰላምታውም አያግዘውም። በመቱ ገበያ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ የቤቱን፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የቡናውን ደኅንነት በተርታ ይጠያየቃሉ፤ መልሱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ከማለት በቀር ለሌላ ቃል በር የለም። ደኅና አይደለሁም የሚል ሰው ምስጋና የነፈገ ይመስላል።

የኢሉባቦር የተጻፈ ታሪክም በጎላው ላይ ያተኮረ ነው። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ እንደ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1902 በተደረገው ስምምነት እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ካገኙ በኋላ ቡናው ከጎሬና ከቡሬ በበቅሎ ወርዶ ባሮ በሞላ ጊዜ በመርከብ ወደ ሱዳን ይጫን እንደ ነበር፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ በራስ እምሩ የሚመራው መንግሥት በጎሬ እንደ ተቀመጠና የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞችም ወደዚሁ ምዕራብ እንደ መጡ ይታወቃል። በኋላም የጋምቤላ ንግድ ሲቀዘቅዝና የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ወደ መቱ ሲዛወር የጎሬ ገበያ ማነሱን ሽማግሌዎች ይናገራሉ። በእነዚያ ዓመታት በየቤቱ ጓዳ ተኮራምተው ስለ ዋሉት ሰዎች ግን የተጻፈ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ መዝጋቢው የሚመዘግበው ስም ያለውን ነገር ነው።

በዚያው በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል በኋላ አማኑኤል ተብሎ የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ሆነ፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ነበር። ከመቱ እስከዚያ ድረስ አንድን በሽተኛ ማድረስ የስንቁ፣ የመኪናው፣ የሁለትና የሦስት አስታማሚ ወጪ ነው፤ በክረምት መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ይህን ሁሉ ወጪ ቤተሰብ የሚያወጣው ሌላ ምርጫ ሲያጣ ነው። ቤት የሚያቃጥል፣ ሰው የሚደበድብ በሽተኛ ታስሮ ይወሰዳል። ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚውል ሰው ግን ማንንም አይጎዳም፤ ስለዚህ የሚወስደው አይገኝም። ርቀቱ ራሱ ወንፊት ሆኖ የሚጮኸውን ለሐኪም፣ ዝም የሚለውን ለጓዳ ሲለይ ኖሯል።

ለሐኪም ያልደረሰው ወደ ሌላ ደጅ ሄዷል። ኦርቶዶክሱ ወደ ጠበል፣ ሙስሊሙ ወደ ሼኾች ዱዓ፣ ጴንጤው ወደ ጉባኤ ጸሎት፣ ሌላውም ወደ ቃሉ ቤት። እነዚህን ደጆች በጅምላ መንቀፍ የተማረ ሰው ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሊነሣባቸው አይገባም፤ በሽተኛውን ብቻውን አይተዉትም። ሳይመን ሜሲንግ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጽሑፍ የዛርን ጉባኤ እንደ አንድ የቡድን ሕክምና ቆጥረውታል። ሮበርት ጊል የተባሉ የሆላንድ የአእምሮ ሐኪምም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በጊዮን፣ ማለት በወሊሶ፣ ይደረግ የነበረውን የእምነት ፈውስ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትመዋል። ሆኖም እዚህም ያው የጩኸት ነገር አለ። መንፈስ ያደረበት ሰው ይለፈልፋል፣ ይወድቃል፣ ስሙን ይናገራል፤ አስወጪውም ከዚያ ይነሣል። ድባቴ የያዘው ሰው ውኃው ሲፈስበት ቢንቀጠቀጥ ከብርዱ ነው። የሚለፈልፍ መንፈስ ካልተገኘ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው «እምነቱ የጎደለ» የሚል አዲስ ክስ ተጨምሮበት ነው፤ ራሱን መክሰስ የሕመሙ ዋና ምልክት ለሆነበት ሰው ይህ ክስ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ጎረቤት ባለማወቁ ብዙ ሊወቀስ አይገባውም፤ ምሁራኑም ለረጅም ጊዜ ከእርሱ አልተሻሉምና። በናይሮቢ የማታሪ የአእምሮ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ካሮተርስ እ.ኤ.አ. በ1953 በዓለም ጤና ድርጅት አሳታሚነት ስለ አፍሪካውያን አእምሮ ባወጡት መጽሐፍ ድባቴ በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይገኝም አሉ። ምክንያት ብለው ካቀረቡት አንዱ አፍሪካዊው በግል ኃላፊነትና በጥፋተኝነት ስሜት ራሱን አይወቅስም የሚል ነበር። የዚህ አስተሳሰብ ዘረኝነት ዛሬ ግልጽ ነው። ነገር ግን ከዘረኝነቱ ሌላ አንድ ተራ የአቆጣጠር ስሕተትም ነበረበት፤ የተቆጠሩት በአብዛኛው ሆስፒታል የገቡት ነበሩ። በቅኝ ግዛት ዘመን ደግሞ ሆስፒታል የሚገባው ጸጥታ ያወከ ሰው ነው። ወንዝ ዳር ቆሞ የጎርፉን ውኃ ብቻ የለካ ሰው ከመሬት በታች ውኃ የለም ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ ከዚህ አይለይም።

ማስተካከያው የመጣው ከሆስፒታሉ ቅጥር ውጭ ነው። ናይጄሪያዊው ዶክተር ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ በሽተኞች ከዘመዶቻቸው ጋር በመንደር ተቀምጠው የሚታከሙበትን ዘዴ የመሠረቱ ሰው ናቸው። እርሳቸውና አሜሪካዊው ሌይተን ከባልደረቦቻቸው ጋር በዮሩባ መንደሮች ቤት ለቤት ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕዝቡ ለድባቴ አንድ የተለየ ስም ባይኖረውም ምልክቶቹ ግን በብዛት እንደሚገኙ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ኦርሊና ዊንግ በሁለት የኡጋንዳ መንደሮች ያደረጉት ጥናት ድባቴ በለንደን ከሚገኝ አንድ ሠፈር እንኳ በልጦ እንደሚታይ አስረዳ። በኢትዮጵያም ቀደም ሲል የተጠቀሱት ጊልና ባልደረባቸው ፋን ሎይክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአንዲት ትንሽ ከተማና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመምን መርምረዋል። ለኢሉባቦር ቅርብ ወደ ሆነው ወደ ደቡብ ምዕራቡ አገር እንዲህ ያለው ጥያቄ ከደረሰ እንግዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ቤት ለቤት መጠየቅ ግን የራሱ ጣጣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ለሚደረግ ምርመራ አዎን ወይም አይደለም ተብለው የሚመለሱ ከ20 በላይ ጥያቄዎች አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ማልቀስ፣ ስለ ድካም የሚጠይቁ ናቸው። በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ሆላንዳዊው ፍራንክ ኮርትማን ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር ሆነው መላሾቹን መልሰው ጠየቋቸው፤ ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዱትና ስለምን እንዲያ እንደ መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ውጤት፣ ጠያቂው ያሰበውና መላሹ የሰማው ብዙ ጊዜ የተለያየ መሆኑን ገለጡ። ይህ ለማኅበሩ አባላት እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሚዛኑ ያልተስተካከለ የቅየሳ መሣሪያ ቁጥሩን እስከ ሚሊ ሜትር አጣርቶ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ነው። ምግብ ባነሰበት ቤት ስለ ምግብ ፍላጎት መጠየቅ፣ ወንድ ልጅ ከለቅሶ ቤት በቀር እንዳያለቅስ በተነገረበት አገር ስለ ማልቀስ መጠየቅ መሣሪያውን በዘመመ መሬት ላይ እንደ መትከል ነው።

በ1977 ዓ.ም. የኢሉባቦር ጉዳይ በሌላ በኩል መጣ። በድርቁ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ 600,000 ያህል ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሠፍሩ፣ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸውን ሰዎች ከተቀበሉት ክፍላተ ሀገር አንዱ ኢሉባቦር ነበር። የደጋውን ሜዳ የለመደ ገበሬ በጫካ መካከል ሠፈረ፤ የማያውቀው ወባ ጠበቀው፤ ከዘመዱ የተለየው፣ ሟቹን በወጉ ሳይቀብር የመጣው ብዙ ነበር። የሠፈራው ሪፖርት የሚናገረው ስለ ታረሰው ሔክታርና ስለ ተሠራው ጎጆ ነበር። ሥራ ላይ ያልወጣው ሠፋሪ በወባ ካልተመዘገበ የሚመዘገበው በሥራ ፈትነት ነው፤ ለሐዘን የተከፈለ ዓምድ በቅጹ ላይ አልነበረም። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ የቀሩትም ልጅ ወልደው፣ ቡና ተክለው የአገሩ ሰዎች ሆነዋል።

በአገር ውስጥ ሐኪሞች እጅ የጥናቱ መልክ የተስተካከለው በቡታጅራ ነው። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የአካባቢው ዐዋቂዎች የአእምሮ ሕመምን በምን እንደሚለዩት ሲጠየቁ በብዛት የጠቀሱት መለፍለፍን፣ ጠበኛነትንና እንግዳ ጠባይን ነበር። ዝምታ ከዚያ መካከል አልጎላም። ከመቱ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአጋሮ ከተማም ሕዝቡ የአእምሮ ሕመምን እንዴት እንደሚመለከት ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ አገር አቀፍ ትንተና ደግሞ ከ100 ጎልማሶች 9 ያህሉ የድባቴ ምልክት እንዳላቸው ገመተ። በዚህ ግምት ቢሄዱ 60 ሠራተኞች ካሉበት የመንገድ ሥራ ካምፕ አምስቱ ወይም ስድስቱ ናቸው።

ሕክምናው ወደ ክፍለ ሀገር መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ማሠልጠኛ ሲከፈት ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ለዚህ ሙያ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ። መቱ ራሷም አልቀረችም። የሰዎች ለሰዎች ድርጅት መሥራች የነበሩት የፊልም ተዋናዩ ካርልሃይንዝ በም ስማቸው በመቱ ካርል ሆስፒታል ላይ ይነበባል፤ በመቱ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል አለ። የዚሁ ክፍል መምህራን እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት በሆስፒታሉ በሚታከሙ የረጅም ጊዜ በሽተኞች ላይ ድባቴንና ጭንቀትን አጥንተዋል። በጎሬ ዘመን ያልተመዘገበው ሕመም እነሆ በመቱ ተመዘገበ።

መመዝገብ ግን መታከም አይደለም። የድባቴ መድኃኒቶች ሁለት ሆነው የተገኙት ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ለሳንባ ነቀርሳ አዲስ መድኃኒት የተሰጣቸው በሽተኞች መንፈሳቸው ሲነቃቃ ታየ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ ስዊሳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ለሌላ የአእምሮ ሕመም የታሰበውን ኢሚፕራሚን ሲሞክሩ ለድባቴ እንደሚጠቅም አስተዋሉ። የኢሚፕራሚን ዘመድ የሆነው አሚትሪፕቲሊን እ.ኤ.አ. በ1977 በዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ዋጋውም ውድ አይደለም። ጠንቁ አሠራሩ ላይ ነው። አፍ ማድረቁና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ፈውሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከቡሬ በአውቶቡስ መጥቶ ክኒን ይዞ የተመለሰ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያየው ጉዳቱን ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው በሽተኛ ክኒኑን ወርውሮ «የእብድ መድኃኒት ሰጡኝ» ቢል አይፈረድበትም። ሻል ሲለውም ወራት መቀጠል እንዳለበት ካልተነገረው ያቆመዋል፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ሁሉም ክኒን አያስፈልገውም፤ ቀለል ላለው ሕመም ከሠለጠነ ሰው ጋር በሥርዓት የሚደረግ ንግግር ራሱ ሕክምና ነው። ጠበሉንና ክኒኑን ጎን ለጎን ማስኬድም የሚከለክል ነገር የለም፤ በዚህ ላይ ካህንና ሐኪም ከተስማሙ በሽተኛው ከመካከል አይጎተትም።

ከሁሉ በፊት ግን በሽተኛው ተለይቶ መታወቅ አለበት። ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ መንፈሴ ወደቀ ብሎ አይመጣም። «ራሴን ይመታኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴን ያደክመኛል» ይላል፤ እውነቱንም ነው፤ ሕመሙ በእርግጥ በሰውነት ላይ ይሰማል። ከደጅ አርባ ሰው የሚጠብቀው የጤና ሠራተኛ ደም አስመርምሮ፣ የታይፎይድ ወይም የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ያሰናብተዋል። ከወር በኋላ ያው ሰው በያው ቃል ይመለሳል። «እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ደስ የሚልህ ነገር አለ?» የሚሉት ጥያቄዎች የሚወስዱት ሁለት ደቂቃ ነው።

መሐንዲሶች ኢሉባቦርን የሚያውቁት በመንገዱና እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ በጀመረው፣ 5 ሜጋ ዋት ኃይል ባለው የሶር የውኃ ኃይል ጣቢያ ነው። እንግዲህ በያዩና በሁሩሙ መካከል በሥራ ላይ የሚገኝ አንድ ቀያሽ ለምሳሌ ያህል ይታሰብ። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ነው፤ ክረምቱ ገብቷል። መጀመሪያ ከካምፑ ቡና ይቀራል፤ ቀጥሎ ከምሳ። የመስክ ደብተሩ ቀድሞ ንጹሕ የነበረ፣ አሁን የንባብ ስሕተት ይበዛበታል፤ የአንድ ቀኑን ልኬት ሦስት ጊዜ ቢደግምም አያምነውም። ባልንጀሮቹ «ፍቅር ነው» ይላሉ፤ ሌሎቹ «መጠጥ ነው»፤ ምግብ አብሳይዋ «ሰው ዓይን በልቶታል» ትላለች። የካምፑ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ወንድ አይደለህም እንዴ፣ ጠንከር በል» ይለዋል። በሁለተኛው ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በሦስተኛው የደመወዝ ቅጣት ይመጣል። በአራተኛው ወር ቀያሹ መልቀቂያ ያስገባል፤ ፋይሉም «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» ተብሎ ይዘጋል። ለዚህ ምሳሌ ስም የሚያወጣ አባል አይጠፋም። እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ መኪና ይታዘዝለት ነበር፤ ጠንከር ብለህ ተራመድ የሚለውም አይኖርም ነበር።

አንዳንዱ ፋይል የሚዘጋው በመልቀቂያ አይደለም። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ስለሚከለከል ቤተሰቡ የአሟሟቱን ነገር ይሸፍናል፤ «በድንገት ሞተ» ይባላል፤ ለቅሶውም በፍጥነት ይበተናል። በዚህ መሸፋፈን ምክንያት ሕመሙ ምን ያህል ሰው እንደሚወስድ በየከተማው በቅጡ አይታወቅም። ሞትን ማሰቡን የሚናገር ሰው ዛቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። «ሞትን ታስባለህ ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅም ሐሳቡን አይተክልበትም፤ በሐኪሞች ልምድ ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። ብቻውን ሳይተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቀው ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

በመቱ ሠፈሮች ቡና ሲፈላ የቀረ ጎረቤት ካለ ዛሬም ልጅ ይላክበታል። ልጁ ሮጦ ይሄድና ተመልሶ «ተኝቷል» ይላል። በአማርኛ ተኛ የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል፤ እንቅልፍ ለወሰደው ሰውም፣ ታሞ አልጋ ለያዘ ሰውም። አቦሉን የምትቀዳው ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትሰማው የመጀመሪያውን ነው፤ «በዚህ ሰዓት!» ብላ ሲኒውን ለሌላው ታሳልፋለች። ሰውየው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ አልተኛም።